ይሄ ግን ኮሜዲ ነው? ጥርጣሬን በእንግሊዝኛ መናገር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አንድ ፊልም አይቶ «ኮሜዲ ነው ለማለት ይቸግራል» ማለት በአማርኛ ማንንም አያስጨንቅም። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ብዙ ሰው «አይ ዳውት» የምትለዋን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ እሷም ብዙ ጊዜ ቦታዋ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከየካ አባዶ እስከ ሰበታ፣ በዚሁ ጉዳይ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚከተሉትን መርጠናል። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው አፍ ላይ እንዲለመድ ነው። «ዚስ»፣ «ዛት» እና «ቲንክ» በሚሉት ቃላት መነሻ ላይ ያለው ድምፅ ምላስን ከጥርስ መካከል ወጣ አድርጎ የሚጠራ እንደሆነ ግን አይርሱ፤ ፊደላችን ያንን አያሳይም።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን የእንግሊዝኛ መለማመጃ ክበብ አለን፤ ፊልም አይተን እንወያያለን። «ኮሜዲ» ተብሎ የቀረበ፣ ግን ግማሹ ለቅሶ የሆነ ፊልም አየንና «አይ ዳውት ኢትስ ኤ ኮሜዲ» አልኩ። ውይይቱን የሚመራው ልጅ «ፊልሙን አላየኸውም እንዴ?» አለኝ። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ሰዋስውዎ ደህና ነው፤ የሳተው ጊዜው ነው። «ዳውት» ገና ያላረጋገጥነውን ነገር የምንገምትበት ግስ ነው። ፖስተሩን ብቻ አይተው ወይም የፊልሙን ታሪክ ከሰው ሰምተው «አይ ዳውት ኢትስ ኤ ኮሜዲ» ቢሉ ልክ ነበር፤ «እንደምገምተው ኮሜዲ አይደለም» ማለት ነውና። ፊልሙን ቁጭ ብለው ከጨረሱ በኋላ ግን የሚገመት ነገር የለም። የቀረው ያዩትን ነገር ምን ብሎ የመጥራት ጉዳይ ነው። ለዚያ እንግሊዝኛ ሌላ መንገድ አለው፦ «አይም ኖት ሹር አይድ ኮል ኢት ኤ ኮሜዲ» ወይም «አይም ኖት ሹር ኢት ካውንትስ አዝ ኤ ኮሜዲ»። የመጀመሪያው «እኔ ኮሜዲ ብዬ ልጥራው አልልም» ያህል ነው፤ ሁለተኛው «ከኮሜዲ ተራ መቆጠሩን እንጃ» ይላል። የክበቡ መሪ «አላየኸውም እንዴ» ያለው «ዳውት» ያላየ ሰው ቃል ስለሆነበት ነው።

ሁለተኛ ነገር፣ «ዳውት» መሐል ላይ አይቆምም። በአማርኛ «እጠራጠራለሁ» ያለ ሰው ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። «አይ ዳውት ኢት» ያለ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ወደ «አይደለም» አዘንብሏል። በእውነት መሐል ላይ ከሆኑ «አይም ኖት ሹር» ይበሉ።

በዚሁ ላይ በጣም ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ መደናገር አለ። አማርኛችን «እጠራጠራለሁ» እና «እጠረጥራለሁ» የሚሉ ሁለት ግሶች አሉት፤ ከአንድ ሥር ስለወጡ ስንቸኩል ሁለቱንም «ዳውት» እንላቸዋለን። «እጠረጥራለሁ» በእንግሊዝኛ «አይ ሰስፔክት» ነው፤ አቅጣጫውም ተቃራኒ ነው። «አይ ሰስፔክት ኢትስ ኤ ኮሜዲ» ያለ ሰው «ኮሜዲ ሳይሆን አይቀርም» ብሏል፤ «አይ ዳውት ኢትስ ኤ ኮሜዲ» ያለው ደግሞ «አይመስለኝም» ብሏል። አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ሐሳብን ገልብጦ መናገር ነው። ከመናገርዎ በፊት በአማርኛው ይፈትኑት፦ ዓረፍተ ነገሩ «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ቢያልቅ ትርጉሙ ካልተለወጠ «ሰስፔክት»፣ «አይመስለኝም» ብሎ ቢያልቅ ካልተለወጠ «ዳውት»።

ከ«ዳውት» ቀጥሎ «ዌዘር»፣ «ኢፍ» ወይም «ዛት» ሊመጣ ይችላል። ለጽሑፍ «ዌዘር» እና «ዛት» ይሻላሉ፤ «ኢፍ» የንግግር ነው። ግሱ አሉታዊ ሲሆን ግን ምርጫው ይጠባል፤ «አይ ዶንት ዳውት ዛት ኢትስ ኤ ኮሜዲ» ይባላል እንጂ እዚያ ላይ «ዌዘር» አይገባም፤ ጥርጣሬው ቀርቷልና። «አይም ዳውቲንግ» እያሉ በ«ኢንግ» ማስረዘምም ለዚህ አገባብ አይሆንም። ሲጻፍ ከመጨረሻው «ቲ» በፊት የምትገባው «ቢ» አትነበብም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ «ቢ» አልነበረበትም፤ ከላቲኑ «ዱቢታሬ» ጋር እንዲመሳሰል በኋላ ጸሐፊዎች ያስገቧት ናት፤ አነባበቡ ግን እንደነበረ ቀረ።

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ የአማርኛ ፊልሞችን የእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ እሠራለሁ። «እንደ ኮሜዲ አልቆጥረውም» የሚል ንግግር መጣብኝና በ«ካውንት»፣ በ«ኮንሲደር» እና በ«ኮል» መካከል ግራ ተጋባሁ። «አዝ» መቼ ነው የሚገባው? (ከገላን)

መልስ፦ ግራ የሚያጋባዎ የአማርኛው «እንደ» ነው። ለሁሉም ግሶች ስለሚሆን «አዝ» ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ይመስላል፤ አይሆንም። «ካውንት» በዚህ ትርጉሙ ያለ «አዝ» አይቆምም፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትም ብዙ ጊዜ ሰው ሳይሆን ፊልሙ ይሆናል፦ «ኢት ዳዝንት ካውንት አዝ ኤ ኮሜዲ»። «ሪጋርድ» ባለቤቱ ሰው ሆኖ «አዝ» ያስገድዳል፦ «አይ ዶንት ሪጋርድ ኢት አዝ ኤ ኮሜዲ»። «ኮንሲደር» ያለ «አዝ» ያምራል፦ «አይ ዶንት ኮንሲደር ኢት ኤ ኮሜዲ»። «ኮል» ግን «አዝ»ን በጭራሽ አይቀበልም። «አይ ውድንት ኮል ኢት አዝ ኤ ኮሜዲ» የሚለው በየትርጉም ጽሑፉ ከምናያቸው ስህተቶች ዋነኛው ነው፤ «አዝ»ን ሲያወጡለት ይድናል። «ካውንት ፎር» የሚል ሌላ ጥምረትም አለ፤ ትርጉሙ «ዋጋ አለው» ስለሆነ ለዚህ ቦታ አይሆንም።

እርስዎ ለያዙት ንግግር፣ ተናጋሪው «አልቆጥረውም» ብሎ ራሱን ባለቤት ስላደረገ «አይ ዶንት ኮንሲደር ኢት ኤ ኮሜዲ» ይበቃል። ንግግሩ ጥርጣሬ ያለበት ከሆነ «አይም ኖት ሹር ዚስ ካውንትስ አዝ ኤ ኮሜዲ» ይበሉ። የቦታ ነገርም አለ። ለላቲን ፊደል ብዙዎች የሚሠሩበት የመስመር ወሰን 42 ምልክት ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ክፍት ቦታዎቹ ተቆጥረው፣ የመጨረሻውን ነጥብ ሳንጨምር፣ 36 ምልክት ስለሆነ በአንድ መስመር ይገባል። ለማጠናከር ከ«ካውንትስ» በፊት «ሪሊ»ን ቢያስገቡ 43 ደርሶ ያልፋል። ያን ጊዜ ሁለት መስመር ያድርጉትና ከ«ሹር» በኋላ ይስበሩት፤ «ካውንትስ» እና «አዝ» እንዳይለያዩ።

«ኤ» ትግባ ወይስ አትግባ የሚለው ቀላል አይደለም። አንድ ሙሉ ፊልም ወይም አንድ ተውኔት ሲሆን «ኤ ኮሜዲ» ነው። ጥበቡን በጥቅሉ ሲያነሱ፣ ወይም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ የመድረክ ቀልድና ጭውውት ሲሆን «ኤ» ትወጣለች፦ «አይም ኖት ሹር ዚስ ካውንትስ አዝ ኮሜዲ»። ሰው ሲወድቅ የሚያሳይ የስልክ ቪዲዮ «ኤ ኮሜዲ» አይባልም፤ ቢበዛ «ኮሜዲ» ነው።

የንቀት ንግግር ሲመጣብዎ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ይሄንን ነው ኮሜዲ የምትሉት?» ሲል፣ «ዱ»ን አውጥተው «ዩ ኮል ዚስ ኮሜዲ?» ይጻፉ። «ዱ ዩ ኮል ዚስ ኮሜዲ?» የእውነት ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ያለ «ዱ» ሲሆን ግን ቁጣው በደንብ ይሰማል።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሁሉ «አይ ቲንክ ኢት ኢዝ ኖት ኤ ኮሜዲ» ብለው ይጽፋሉ። እንዴት ላስረዳቸው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ወደ አማርኛቸው ይመልሷቸው። «ኮሜዲ አይመስለኝም» ሲሉ አሉታው የተንጠለጠለው «መሰለ» ላይ ነው። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፦ «አይ ዶንት ቲንክ ኢትስ ኤ ኮሜዲ»። ተማሪዎቹ የሚሳሳቱት «ኮሜዲ እንዳልሆነ አስባለሁ» ከሚል፣ ማንም በአፉ ከማይናገረው አማርኛ ስለሚነሡ ነው። በአጭሩ ሲመልሱም «አይ ዶንት ቲንክ ሶ» ነው። «ሆፕ» ግን ከዚህ ይለያል፤ «አይ ሆፕ ኢትስ ኖት ኤ ኮሜዲ» ይባላል እንጂ አሉታው ወደ «ሆፕ» አይሄድም።

ጥያቄ፦ የውጭ ዜጎች ባሉበት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። አንዲት ባልደረባዬ የምትወደውን የኮሜዲ ቪዲዮ በምሳ ሰዓት አሳየችኝ። አልገባኝም ነበርና «ኢዝ ዚስ ሰፖዝድ ቱ ቢ ፋኒ?» ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቅር ላሰኛት አስቤ አልነበረም። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ያስቀየማት «ሰፖዝድ ቱ ቢ» ነው። ቃል በቃል «እንዲያስቅ ነው የታሰበው?» ይመስላል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ግን «ሊያስቅ ተሞክሮ ከሽፏል» የሚል ፍርድ ነው። «ሜንት ቱ ቢ» ቢሉም ያው ነበር። ሁለቱም ስለ ሌላ ሰው ሥራ ሲጻፍ ይጠቅማሉ፤ የሚወደውን ላሳየዎ ሰው ፊት ለፊት ግን አይባሉም።

እንዲህ ያለ ጊዜ ከአፍ ከማውጣት በፊት የተጠራጠርኩት ምኑን ነው ብሎ መለየት ይበጃል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ እንግሊዝኛውም ለየብቻቸው ነው። የራስዎን መረዳት ከተጠራጠሩ፣ የእርስዎ ጉዳይም ይሄ ነበር፣ «አይም ኖት ሹር አይ ጎት ኢት» ወይም «አይ ቲንክ አይ ሚስድ ዘ ጆክ» ይባላል፤ ጥፋቱን ወደ ራስ ስለሚወስድ ማንም አይቀየምበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ቀልዱን ሊያብራራልዎ ይቸኩላል። ገብቶዎ ካላሳቀዎ «ኢትስ ኖት ሪሊ ማይ ካይንድ ኦፍ ሂዩመር» ያህል ይበቃል፤ ጠንከር ሲል «አይ ዲድንት ፋይንድ ኢት ቬሪ ፋኒ»። እዚህ ላይ «ዛትስ ኖት ፋኒ» የሚለውን ይሽሹት፤ እሱ «አላሳቀኝም» ሳይሆን «እንዲህ ያለ ነገር አይቀለድበትም» የሚል ተግሣጽ ነው፤ በሰው አካል ወይም በሐዘን ላይ ሲቀለድ የሚባል። ሦስተኛው ሳቁንም ትርጉሙንም ትቶ ስሙን መጠራጠር ነው። ስቀውም ቢሆን፣ አልቅሰውም ቢሆን፣ ነገሩ ኮሜዲ ተብሎ መመደቡ ካልተዋጠልዎ «አይም ኖት ሹር ኢት ካውንትስ አዝ ኮሜዲ» የሚባለው ያኔ ነው።

የድምፅ አጣጣልም ትርጉም ይለውጣል። «አይም ኖት ሹር ኢትስ ኤ ኮሜዲ» ሲሉ «ሹር» ላይ ከጫኑ ስለ እርግጠኝነትዎ ነው የሚያወሩት። «ኮሜዲ» ላይ ከጫኑ ግን «ሌላ ነገር ነው እንጂ ኮሜዲ አይደለም» ይሆናል፤ ሰሚው ያን ሌላ ስም ከእርስዎ መጠበቅ ይጀምራል። «ኮሜዲ» ራሱ መጫን ያለበት «ኮ» ላይ ነው፤ እኛ እንደለመድነው «ሜ»ን አናነሣም። «ሪሊ» የምትገባበት ቦታም እንዲሁ ነው፦ «አይም ኖት ሪሊ ሹር» ለስለስ ያለ ነው፤ «አይም ሪሊ ኖት ሹር» ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል።

እንግሊዞች በተለይ «አይም ኖት ሹር»ን ለጨዋ «አይደለም» ይጠቀሙበታል። እርስዎ ስለ አንድ ዝግጅት «ግሩም ኮሜዲ ነው» ብለው እንግሊዛዊ ባልደረባዎ «አይም ኖት ሹር አይድ ኮል ኢት ዛት» ካለ፣ አልተስማማም ማለት ነው፤ እንዲያብራሩለት እየጠየቀ አይደለም። እርስዎም ሲሉት ዝም ብለው አይተዉት፤ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ ወይም «ዋት ሜክስ ኢት ፋኒ ፎር ዩ?» ብለው ይጠይቁ። «ፎር ዩ» የሚለው ነው ጥያቄውን ከፍርድ የሚያወጣው።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ድራማ በእንግሊዝኛ አጭር ሂስ ጻፍኩ፤ «ዚስ ኮሜዲ ድራማ ኢዝ ኖት ኮሜዲ» ብዬ ጀመርኩ። አርታኢው ጠርዙ ላይ «ታዲያ ድራማ ነው?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። ድራማ መሆኑንማ ማን ካደ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ አርታኢውም እርስዎም ልክ ናችሁ፤ የተለያያችሁት «ድራማ» በሚለው ቃል ነው። በአማርኛ በሬዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን በተዋንያን የሚቀርብ ተከታታይ ታሪክ ሁሉ ድራማ ነው፤ ያሳቀም ያስለቀሰም። በእንግሊዝኛ ግን «ድራማ» ከ«ኮሜዲ» ጎን ሲቆም ተቃራኒው ይሆናል፤ ቁም ነገረኛውን፣ የማያስቀውን ሥራ ይይዛል። «ኮሜዲ ድራማ» ደግሞ ሁለቱን የቀላቀለ ዘርፍ ነው፤ «ድራሜዲ» የሚሉትም አሉ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርዎ እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ «ይህ ግማሽ ኮሜዲ ግማሽ ድራማ የሆነ ሥራ ኮሜዲ አይደለም» ይለዋል፤ እሱም «ሌላው ግማሽስ?» ማለቱ አይቀርም።

የእኛ ተከታታይ ድራማ በእንግሊዝኛ «ኤ ሲሪዝ» ነው። በየክፍሉ ያው ገጸ ባሕርያት በዚያው ቦታ እየተገናኙ የሚያስቁበት ከሆነ «ኤ ሲትኮም» ይባላል። ጭውውት «ኤ ስኬች» ነው። በአማርኛ «ቲያትር አየሁ» የምንለውን በእንግሊዝኛ «አይ ሶው ኤ ፕሌይ» ማለት ይገባል፤ «ኤ ቲያትር» ካሉ አዳራሹን አይተው የተመለሱ ነው የሚመስሉት።

የጠረጠሩት ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችንም የሚያከራክር ስለሆነ እነሱ የሚናገሩበትን መንገድ መውሰድ ይቻላል። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚ ኮሜዲና ድራማን ለየብቻ ይሸልማል። በቺካጎ የምግብ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ስላለ ጭንቀትና ሐዘን የሚተርከው «ዘ ቤር» እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በተሰጠው ኤሚ የኮሜዲ ተከታታይ ተብሎ አሸንፏል፤ ብዙ ተመልካች «ይሄ እንዴት ኮሜዲ ይባላል» ብሎ ተከራክሮበታል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የግማሽ ሰዓቱ ዝግጅት ኮሜዲ፣ የአንድ ሰዓቱ ድራማ የመሆን የቆየ ልማድ ስለነበረ የክፍሉ ርዝመት ራሱ ወደ አንዱ ጎራ ይስባል። በፊልም ደግሞ ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚያወራው «ዘ ማርሺያን» እ.ኤ.አ. በ2016 ጎልደን ግሎብ የተባለውን ሽልማት የወሰደው በሙዚቃዊና ኮሜዲ ዘርፍ ነው። በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ የሚባለው «ኢት ወን አዝ ኤ ኮሜዲ፣ በት አይ ውድንት ኮል ኢት ዋን» ነው። የመጨረሻዋ «ዋን» «ኤ ኮሜዲ» የሚለውን ከመድገም ታድናለች።

ለሂስዎ መክፈቻ ይሄንን እንመክራለን፦ «ዘ ሲሪዝ ኢዝ ቢልድ አዝ ኤ ኮሜዲ፣ በት ኢት ፕሌይስ ላይክ ኤ ድራማ»። «ቢልድ አዝ» «ተብሎ የተዋወቀ» ነው፤ ፖስተሩና አዘጋጁ ያሉትን ከእርስዎ ፍርድ ይለይልዎታል። ቀጥለው አንድ ትዕይንት ጠቅሰው ያሳዩ፤ ያለ ማስረጃ የተጣለ «ኖት ኮሜዲ» ቂም ይመስላል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ኮሜዲ ነው አሉን። ሳነበው አንድም ቦታ አልሳቅሁም፤ ይልቅ አይሁዳዊው አራጣ አበዳሪ ሻይሎክ አሳዘነኝ። በእንግሊዝኛ ድርሰቴ ላይ ጥርጣሬዬን መምህሬን ሳልዳፈር እንዴት ልጻፈው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ መምህርሽ «ኮሜዲ» ያሉት በዛሬው ትርጉም እንዳልሆነ እወቂ። በዚያ ዘመን አንድን ተውኔት ኮሜዲ የሚያሰኘው ሳቁ ብቻ ሳይሆን አጨራረሱ ነበር፤ ችግሩ ተፈትቶ፣ ፍቅረኞቹ ተጋብተው ካለቀ ኮሜዲ ነው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴም ከሲኦል የሚጀምረውን ግን በገነት የሚያበቃውን ትልቅ ግጥሙን «ኮሜዲያ» ያለው ለዚህ ነው። የቬኒሱ ነጋዴ በጋብቻ ያልቃል። ግን በዚያው ተውኔት ሻይሎክ ሀብቱን ተነጥቆ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ይገደዳል፤ ያንቺ ሐዘን የመጣው ከዚያ ነው፤ ብቻሽንም አይደለሽም። የስም አሰጣጡ ራሱ ወላውሏል፦ እ.ኤ.አ. በ1600 ለብቻው ሲታተም ርዕሱ ላይ «ታሪክ» ተብሎ ነበር፤ በ1623 ሠላሳ ስድስቱ ተውኔቶች በአንድ መጽሐፍ ሲሰበሰቡ ደግሞ ከኮሜዲዎቹ ተራ ገባ። ቦአስ የተባለ ሃያሲ በ1896 ከሼክስፒር ተውኔቶች አንዳንዶቹን «ፕሮብለም ፕሌይስ»፣ ማለትም ለመመደብ የሚያስቸግሩ ተውኔቶች፣ ብሎ ለየ፤ በኋላ የመጡ ሃያስያን የቬኒሱን ነጋዴም እዚያ ያስገቡበት ጊዜ አለ። ሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት ቼኮቭም «የቼሪው አትክልት» የተባለውን ተውኔቱን ኮሜዲ ሲለው፣ በ1904 ያዘጋጀው ስታኒስላቭስኪ እንደ አሳዛኝ ተውኔት ነው ያቀረበው፤ ደራሲው አልተደሰተበትም።

እንግዲህ ለድርሰትሽ። «አይም ኖት ሹር» የንግግር ስለሆነ ተዪው። «ኢት ኢዝ ዲቤታብል ዌዘር» (አከራካሪ ነው) ወይም «ኢት ኢዝ ክዌስችነብል ዌዘር» (አጠያያቂ ነው) ብለሽ ጀምሪ፤ ሁለቱም ወደ «አይደለም» ያዘነብላሉ፤ የሚከተላቸው «ዌዘር» ነው፣ «ኢፍ» ለድርሰት ይላላል። «አርጊዩአብሊ» የምትለዋን ግን አደራ። ክርክር የሚል ቃል ስላለባት ብዙ ተማሪ የጥርጣሬ ቃል ያደርጋታል፤ ትርጉሟ ግን «እንዲያ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል» ነው። «ኢት ኢዝ አርጊዩአብሊ ኤ ኮሜዲ» ብለሽ ከጻፍሽ መምህርሽን ደግፈሻል።

አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንስጥሽ፦ «ኦልዞ ዘ ፕሌይ ዋዝ ፕሪንትድ አመንግ ዘ ኮሜዲስ ኢን 1623፣ ኢት ኢዝ ዲቤታብል ዌዘር ኢት ካውንትስ አዝ ዋን ቱዴይ»። የመምህርሽን ሐሳብ በመጀመሪያው ሐረግ አክብረሽ ጥርጣሬሽን በሁለተኛው ታስገቢያለሽ፤ «ቱዴይ» የምትለዋም የሁለታችሁን «ኮሜዲ» ትለያለች። ልብ በዪ፣ «ኦልዞ» ካለ «በት» አይደገምም። እኛ «ቢታተምም ግን» ማለት ስለለመድን እጃችን «በት»ን ይጽፋታል።

ከአገራችን ምሳሌ ብትጨምሪ ድርሰትሽ ይከብራል። የዘመናዊ ተውኔታችን መነሻ የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሥራ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው፤ ስሙ ኮሜዲ ይላል፣ ሥራው ግን በእንስሳት አፍ የዘመኑን አስተዳደር መንቀፍ ነበር። ለእንዲህ ያለው «ኢት ኢዝ ሞር ኦፍ ኤ ሳታየር ዛን ኤ ኮሜዲ» ተብሎ ይጻፋል። ሳታየር የእኛ ሥላቅ ነው። ይህ «ሞር ኦፍ … ዛን» የሚል አሠራር አንዱን ስም ሳያፈርስ ሌላውን ስለሚያስቀድም በጣም እንወደዋለን።

ጥያቄ፦ «ፋኒ»፣ «ኮሚክ»፣ «ኮሚካል» እና «ኮሚዲክ» አንድ ናቸው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አይደሉም። «ኮሚክ» ለማሳቅ ታስቦ የተሠራ ነገር መግለጫ ነው። «ኮሚካል» አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰብ የሚያስቅ ነው፤ የአንድን ባለሥልጣን ንግግር «ኮሚካል» ካሉ ተሳልቀውበታል፤ የኮሜዲያን ሥራን «ኮሚካል» ማለትም ሙገሳ አይሆንም። «ኮሚዲክ» ስለ ሙያው ሲወራ ነው፤ የኮሜዲያኑን የጊዜ አጠባበቅ «ኮሚዲክ ታይሚንግ» እንደሚሉት። እሷና «ኮሚዲያን» «ሚ» ላይ ይጫናሉ። «ፋኒ» ሁለት ፊት አላት፦ አስቂኝ፣ ወይም ግራ የሚያጋባ። ወተት «ስሜልስ ፋኒ» ከተባለ አይጠጣም። ስለ ፊልም «ኢት ዋዝ ፋኒ» ሲሉ ፊትዎ ካልፈካ ሰሚው የትኛውን እንዳሉ ላይለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ኮሜዲ ተብዬው» የምንለው ዓይነት ንግግር በእንግሊዝኛ አለ? (ከጣፎ)

መልስ፦ አለ፤ የአማርኛው ደረጃዎች ሁሉ አቻ አላቸው ማለት ይቻላል። «ኮሜዲ ተብዬው» «ዚስ ሶ-ኮልድ ኮሜዲ» ነው፤ ንቀቱም እኩል ነው፣ ስለዚህ ሠሪው ባለበት አይባልም። «ኮሜዲ ከተባለ» «ኤ ኮሜዲ፣ ኢፍ ዩ ካን ኮል ኢት ዛት»፤ ሐረጉ ከስሙ ቀጥሎ፣ ትንሽ ትንፋሽ ወስደው ነው የሚገባው። «ኮሜዲ ነገር ነው» ስንል «ኢትስ ኤ ኮሜዲ ኦፍ ሶርትስ»፤ ይሄ ለስላሳ ነው። «ኮሜዲ ነው ለማለት አልደፍርም» ደግሞ «አይ ውድንት ጎ ሶ ፋር አዝ ቱ ኮል ኢት ኤ ኮሜዲ»፤ ረዥም ቢሆንም ለስለስ ይላል፣ በስብሰባም በጽሑፍም ያገለግላል። «እምብዛም ኮሜዲ አይደለም» የምንለው «አይ ውድንት ኤግዛክትሊ ኮል ኢት ኤ ኮሜዲ» ነው፤ «ኤግዛክትሊ»ን ከ«ውድንት» በኋላ፣ ከ«ኮል» በፊት ያስቀምጧት።

ከሁሉም የሚያስቸግረው «ሃርድሊ» ነው፦ «ኢትስ ሃርድሊ ኤ ኮሜዲ»፤ «ምኑ ነው ኮሜዲ» ያህል ይከብዳል። ከ«ኢዝ» በኋላ፣ ከሌላ ግስ ግን በፊት ይገባል፦ «ኢት ሃርድሊ ካውንትስ አዝ ኤ ኮሜዲ»። አሉታውን በራሱ ስለያዘ «ኢት ኢዝንት ሃርድሊ» ማለት ስህተት ነው። «ሃርድ» ከሚለው ጋርም አይምታታብዎ። መጨረሻ ላይ «አይደል?» ብለው የሰሚዎን ስምምነት መጠየቅ ቢፈልጉ፣ ዓረፍተ ነገሩ አሉታዊ ስለሚቆጠር የሚያስከትሉት ጥያቄ አዎንታዊ ይሆናል፦ «ኢትስ ሃርድሊ ኤ ኮሜዲ፣ ኢዝ ኢት?»